አምስት ለአምስት

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። መኪናዬ እንደሚታረድ በሬ አጓርታ ተነሳች። ትምህርት ቤት እስክደርስ የአፍንጫዬ ፀጉር በረዶ ሠርቶ ይወጋኝ ነበር።

ዛሬ ለሰባተኛ ክፍል ድፍን ቁጥሮችን ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ነጋቲቭ አሥርንና ነጋቲቭ ሠላሳን ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ በአንድ አፍ «ሠላሳ!» ብሎ ጮኸ። እጁን ያወጣ እንኳን የለም።

«ከዜሮ በታች ናቸው እኮ» አልኩ።

«ሚስ» አለኝ ኮልቢ፣ የክፍሉ አፈኛ፤ «ከዜሮ በታች አሥር ሲሆን አባቴ በካናቴራ ደጅ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። በሠላሳ ግን የአጎቴ ጆሮ ተቆርጦ ወድቋል። ጆሮ ከሚቆርጠውና ከማይቆርጠው የትኛው ይበልጣል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከተማችን ስታንዊክ ብርድን የሚለካው በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ልጆቹ እኔ የጠየቅኋቸውን አልመለሱም እንጂ፣ ያልጠየቅኋቸውን ሌላ ጥያቄ በትክክል መልሰዋል፦ ከዜሮ ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህል ይጎዳል? ይህም ስም አለው። ፍጹም ዋጋ ይባላል። ስህተታቸውን አላርመውም፤ ስሙን እነግራቸዋለሁ።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ኮሪደሩ ወለል ላይ በሰማያዊ ፕላስተር ረጅም የቁጥር መስመር ሠራሁ። ዜሮው ከዋንጫዎቹ መደርደሪያ ፊት ለፊት ነው። ቀኙ እስከ ጂምናዚየሙ፣ ግራው እስከ ሽንት ቤቱ ይሄዳል። መጠቆሚያዬ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ተከላካይ ሳለሁ የተሰበረው የበረዶ ላይ ሆኪ ዱላዬ ነው፤ ጫፉ የለም፣ እጀታው አለ።

የክፍሌ ግማሹ በከተማው የልጆች ቡድን ይጫወታል። ስለዚህ የራሳቸውን ቁጥር ሰጠኋቸው። በሆኪ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ካገባ አንድ ይደመርለታል፤ ከገባበት አንድ ይቀነስበታል። እዚህ ከተማ ልጅ የልደት ቀኑን ቢረሳ ይህን ቁጥሩን አይረሳም። «ሂዱ፣ ቁጥራችሁ ላይ ቁሙ» ስላቸው እየተገፈታተሩ ሮጡ።

ቴጋን ሮልስተን ወደ ግራ ሄደች፣ ሄደች፣ ነጋቲቭ አሥራ አራት ላይ ብቻዋን ቆመች።

«ቴጋን፣ አንድ እርምጃ ብትጨምሪ ሽንት ቤት ገባሽ!» አለ ኮልቢ። ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ።

አንገቷን አልደፋችም። «አንተ ደካሞቹ ተጋጣሚዎች ላይ ነው የምትገባው። እኔን አባቴ ሁልጊዜ የሚያስገባኝ ጠንካራዎቹ ላይ ነው።»

እውነቷን ነው። በቡድኑ ውስጥ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት። አሰልጣኙ አባቷ ግረግ ሮልስተን ነው፤ የኛው የስፖርት መምህር። ለልጁ አደላ እንዳይባል ከሁሉም ይልቅ በሷ ይጨክናል ይላሉ። ይህን የሚሉት እያደነቁት ነው።

የፕላስተሩን ጫፍ ስትይዝልኝ እጅጌዋ ተሰበሰበ። ክንዷ ላይ አራት ሰማያዊ ምልክት፣ በተርታ። ሳልጠይቃት «ሆኪ ነው» አለች። ሆኪ ነው። እኔም በሷ ዕድሜ ገላዬ እንደ ወደቀ ፖም ነበር።

በቁጥራቸው ፈንታ በአየሩ ሙቀት ባስተምራቸው ይሻል ነበር ይሆን? ሰው ፊት ነጋቲቭ ላይ ማቆም። ግን ገባቸው። ሁሉም ገባቸው እኮ።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ዘንድሮ ካስተማርኩት ሁሉ የዛሬው ይበልጣል።

ሰሌዳው ላይ |−5| ብዬ ጻፍኩ። «እነዚህ ሁለት ቋሚ መስመሮች ምንድን ናቸው?»

«የቅጣት ሳጥን!» አለ ኮልቢ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። ሁለት ግድግዳ፣ መካከሉ ላይ የተቀመጠ አንድ ጥፋተኛ።

«ቀጥል» አልኩት።

ደነገጠ። «ያው ትልልቆቹ ሲጫወቱ ሁለት ሰው ከተደባደበ ዳኛው ለሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ይሰጣል። አምስት ለአምስት። ሜዳው ላይ በነሱ ምትክ ሌላ ይገባል፣ ምንም አይጎድልም። ሳጥኑ ውስጥ ግን ሁለቱም ቁጭ ይላሉ። ሳጥኑ የማን ማልያ እንደለበስክ አይጠይቅህም። አምስት ደቂቃህን ይበላል።»

ማልያው ምልክቱ ነው። ሳጥኑ ምልክቱን ያወልቅና ቁጥሩን ብቻ ያስቀራል። መማሪያ መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

ቴጋን እጇን አወጣች። «ሚስ፣ መልሶ የመታ ሰው ታዲያ ዜሮ ነው?»

«ሲደመር ዜሮ ይመጣል» አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ደወሉ ሊደወል ነበር።

ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ

መዋጥ አልችልም። ሮልስተን ክፍሌ መጣ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ። ገፋኝ። ገፋሁት። በቃ።

ነገ።

ጃንዋሪ 22፣ ረቡዕ

አሁን ልጽፈው እችላለሁ።

ሰሌዳ እየጠረግሁ ነበር። ገባና በሩን በተረከዙ ዘጋው። ከኮሪደሩ የነቀለው ሰማያዊ ፕላስተር እጁ ላይ እንደ አንጀት ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው ልጄን ከዜሮ በታች የምታቆሚያት?»

«ቁጥሩን የሰጠኋት እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብሽ ይሉኛል ዛሬ። ለምን?

ጉሮሮዬን ያዘኝ። አንድ እጁ በቃው። ከሰሌዳው ጋር አላተመኝ፤ የጠመኔ ማስቀመጫው ጠርዝ ማጅራቴ ውስጥ ገባ። ደገመኝ። ዓይኔ ውስጥ ነጭ ነገር ፈነዳ። እግሬ ወለሉን አይነካም ነበር። የሆኪ ዱላዬ አጠገቤ ተደግፎ ስለነበር እጄ አገኘው። መታሁት፣ ለቀቀኝ። ይኸው ነው።

በሩን የከፈተችው ርእሰ መምህሯ ዶሪን ናት። ደሙን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ጌታ ሆይ! አሁን? የዋንጫው ጨዋታ ደጅ ላይ ሆኖ?» አለች።

የኔ ማጅራት ተሰፋ። አንድ የጎድን አጥንቴ ተሰንጥቋል። አንገቴ ላይ የአምስት ጣት ማኅተም አለ። የሱ ጉንጭ ተተርትሮ ተሰፍቷል፣ ሁለት የቀኝ እጁ ጣቶችም ተሰብረዋል። ሐኪሙ «ጣቶቹስ እንዴት ተሰበሩ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አላስታውስም አልኩ።

ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ

ዶሪን ቢሮዋ ጠራችኝ። የከረሜላ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። ጉሮሮዬ ምራቅ እንኳ እንደማያሳልፍ እያወቀች።

«የኔ ማር፣ እሱ መታሽ። መታሽው። አምስት ለአምስት። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ፖሊስ ጋ አንወስደውም።»

«አነቀኝ እኮ ዶሪን።»

«አንቺ ደግሞ ዱላ አንስተሻል። እሱ እጁን ብቻ ነው ያነሳው። ፖሊስ ቢመጣ ማንን የሚያስር ይመስልሻል?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኮንትራትሽ በጁን ያልቃል። ይህ ዜሮ ሆኖ ካለፈ እኔ ራሴ አድስልሻለሁ። ዜሮ ጥሩ ቁጥር ነው፣ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ።»

የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ነው እንግዲህ ያመመኝ። አምስት ወደ ቀኝ ሄዶ አምስት ወደ ግራ የተመለሰ ሰው ዜሮ ላይ ቆሟል። ይሁን። ጫማው ግን አሥር እርምጃ ተበልቷል።

ጃንዋሪ 26፣ እሁድ

እማዬ ጋ ዋልኩ። እማዬ በከተማው የሆኪ አዳራሽ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና ትነዳለች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ከዚያ መኪና በቀር የምትታዘዘው ነገር የለም።

አንገቴን አገላብጣ አየችው፤ ዶሮ እንደምትገዛ ሴት።

«በየት በኩል መታሽው?»

«ጉንጩን።»

«ሞኝ። ጉልበት ነው የሚመታው። ጉልበቱን ያጣ ሰው አይከተልሽም።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ! የቀይ ሥር ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ብይ።»

አልወረደልኝም። ሮልስተን በሷ በረዶ ላይ ልጆቹን እያሠለጠነ እንደዋለ ነገረችኝ። እጁ በጄሶ ተጠቅልሏል። የልጆቹ ወላጆች ሲገባ አጨበጨቡለት።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ድምፄ አልተመለሰም። እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋረርኩ አስተምራለሁ።

እሁድ ጠዋት የሳሎኔ መስኮት በሆኪ መጫወቻው ፓክ ተሰብሮ አገኘሁት፤ ጥቁሩ ላስቲክ ምንጣፌ ላይ ተጋድሟል። የመኪናዬ ሁለት ጎማ ተቀዷል። ሱቅ ውስጥ አንዷ ከኋላዬ «መምታት ላይ ወንድ፣ ማልቀስ ላይ ሴት» አለች። ዞሬ «መቼ ነው ሳለቅስ ያየሽኝ?» አልኳት። የያዘችውን ወተት አስቀምጣ ወጣች። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ዛሬ ደግሞ ክፍል ውስጥ። ጠመኔ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ሁለት ወንዶች ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ፤ አንዱ እኔን፣ አንዱ ሮልስተንን ሆኖ። የክፍሉ ልጆች ከበው «አምስት ለአምስት! አምስት ለአምስት!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ላገላግል የገባው ኮልቢ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ማነው የመታህ?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ ሚስ» አለኝ፤ እየሳቀ፣ ጥርሱ ቀይ ሆኖ። «ማለቴ አንቺን የሆነው።»

ቴጋን አልከበበችም። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ስትታይ የታመመች ትመስላለች።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

መደመር። 5 + (−5)። ሁሉም ዜሮ ጻፈ። ቴጋን አሥር ብላ ጻፈች።

«ቴጋን፣ ይህ መደመር ነው። ሳጥኑ የለበትም።»

«ለምን የለበትም?»

«ጥያቄው ላይ ስላልተጻፈ።»

«ታዲያ ማነው የሚጽፈው?»

ወረቀቷን ለሁለት ቀደደችውና ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው። በሥነ ሥርዓት ልቀጣት ይገባ ነበር። ዶሪን ብትሰማ ትቀጣት ነበር። ለአባቷ አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ አላውቅም። ሰውየው ያስጠላኛል፣ ለዚያ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሄድኩ። አትሂጂ ብለውኝ ነበር። ለዚህ ነው የሄድኩት።

ግማሽ ፍጻሜ። ወላጆች መስታወቱን በጡጫ ይደልቃሉ። «ስበረው! ጨፍልቀው!» የምትለዋ ሴት በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ቴጋንን አንድ ግዙፍ ልጅ ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቃት የአጥንት ድምፅ እኔ ድረስ መጣ። ተነሳች። በእሷ በኩል ጎል ገባ።

ሮልስተን ከተቀያሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ የመከላከያ ቆብዋን የፊት ሽቦ በደህናው እጁ ያዘና ጭንቅላቷን ወደራሱ ጎተተው፤ ፈረስ በልጓም እንደሚጎተት። የሆነ ነገር ነገራት። ከኋላዬ ያለው ሰው «አየህ? ለልጁ እንኳ አይራራም። አሰልጣኝ ማለት ይህ ነው» አለ። ሰዎች አጨበጨቡ።

የወንበሬን ጠርዝ እንደ ዱላ ጨብጬው ነበር። በዚያች ሰዓት ዱላዬ ቢኖር ኖሮ።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። የመታሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አይደለም።

አሸነፉ። የዋንጫው ጨዋታ እዚሁ በሜዳችን ነው።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሁድ

ዶሪን ቤቴ ድረስ መጣች፣ ኬክ ይዛ። ሐሳቡ የሷ ነው፣ የትምህርት ቦርዱም ተስማምቷል። ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ መሐል ሜዳ ላይ ከሮልስተን ጋር እጨባበጣለሁ። እዚህ አገር ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም ተሰልፎ ይጨባበጣል፤ ጥርሱን ያወለቅክለትን ሰው ሳይቀር። ከተጨባበጥክ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያነሳው ሰው ባለጌ ነው። «ከተማው እንዲያርፍ» አለች። ከጨበጥኩ ኮንትራቴ ይታደሳል። ካልጨበጥኩ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግጄ ቦርድ ፊት እቀርባለሁ፣ ሮልስተንም በዱላ መታችኝ ብሎ ይከሰኛል።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ተፍተሽ አባሪያት ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ጨብጪውና ተይው» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ?»

«እጅ መጨበጥ ምን አለው? እኔ አባትሽን ሃያ ዓመት ጨብጬዋለሁ።»

«ያ ሌላ ነው እማዬ።»

«ሌላ ነው። እኔም በመጥበሻ እመልስለት ነበር። እኩል ነበርን።» ከዚያ ስለ ጎማዬ ጠየቀችኝ።

አባዬ ጥሩ ሰው ነበር። በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማረኝ እሱ ነው። እጁ ከባድ ነበር እንጂ። እማዬም ዝም የምትል ሴት አልነበረችም፣ መጥበሻው ሲወድቅ ከላይ ከክፍሌ እሰማው ነበር። ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቆጥር ነበር። ቁጥር የወደድኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ኬኩን ለውሻ ሰጠሁት።

እጄን ብሰጠው ምን እሆናለሁ? ሥራዬን እወዳለሁ። ኮልቢን እወደዋለሁ። በማርች አልጀብራ ይጀምራሉ፣ ሌላ ሰው እንዲያስተምራቸው አልፈልግም። አንድ መጨባበጥ ነው።

ፌብሩዋሪ 27

ወስኛለሁ፤ እጨብጠዋለሁ። ልተኛ።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ቅንድቤ ተሰፍቷል። በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፈው።

መሐል በረዶው ላይ ቀይ ምንጣፍ ዘርግተዋል። ሁለቱ ቡድኖች በመስመር ቆመዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶሪን ድምፅ ማጉያ ይዛ ስለ ይቅርታና ስለ ስታንዊክ ልብ ተናገረች። ሮልስተን ከወዲያ መጣ፣ እኔ ከወዲህ። ቀኝ እጁ አሁንም በጄሶ ስለሆነ ግራውን ዘረጋልኝ። ለፎቶ እየሳቀ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «አምስት ለአምስት፣ ሚስ ዱቢክ» አለኝ።

እጄን ዘርግቼ ነበር። እውነት ለመናገር ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከትከሻው በላይ ቴጋንን አየኋት። ቆብዋን አውልቃ ይዛዋለች። ሌሎቹ ልጆች እጃችንን ያያሉ። እሷ የምታየው አንገቴን ነው። አንገቴ እኮ ድኗል፣ ምንም አይታይበትም። እሷ ግን የጣቶቹ ምልክት የት የት እንደነበረ ታውቀዋለች፤ አንድ በአንድ፣ በዓይኗ፣ በትክክል ቦታው ላይ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዶሪን እጅ ድምፅ ማጉያውን ወሰድኩ። የተንቋረረው ድምፄ አዳራሹን ሞላው፤ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«ይህ ሰው ክፍሌ ውስጥ ጉሮሮዬን አንቆ ጭንቅላቴን ሁለት ጊዜ ከሰሌዳው ጋር አላትሞታል። እኔ በሆኪ ዱላ ሁለት ጊዜ መትቼዋለሁ። የመጀመሪያው እንዲለቀኝ ነው። ሁለተኛውን ስመታው ለቆኝ ነበር። ተንበርክኮ ነበር። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር፣ ጣቶቹ የተሰበሩት ለዚህ ነው። አይቼ፣ አስቤ፣ አልሜ ነው የመታሁት። ለሁለተኛው ቅጡኝ። የሱን ግን በኔ አታጣፉት። የኔንም በሱ አታጣፉልኝ።»

አዳራሹ ፈነዳ። ቡና በብርጭቆ መጣ፣ ጓንት መጣ፣ የሆነ ብረት መጥቶ ቅንድቤን ሰነጠቀው። «ውጪ! ውጪ!» አንድ አባት አጥሩን ዘሎ በጫማው እየተንሸራተተ ሊደርስብኝ ሲል ወደቀ። ሮልስተን አልነካኝም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር፣ ባለቤት እንደሌለው ነገር።

ዓይኔ ውስጥ ደም ገብቶ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ጡሩምባውን ነው። እማዬ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና እየነዳች መሐል ሜዳ ገባች። ያ መኪና ሰው በእግሩ ሊቀድመው ይችላል፤ የቀደመው ግን አልነበረም። ቡድኖቹ ለሁለት ተከፈሉላት። ቀዩን ምንጣፍ ጎማው ሥር ጎትታ አስገባችው።

«ውጪ አንቺ እብድ!» አለችኝ። «ጨብጪው አልኩሽ፣ ስበኪ አልኩሽ?»

መኪናው ላይ ወጣሁ። ከኋላችን እርጥብ ንጹሕ በረዶ እየተወች፣ በሚወረወርብን ነገር ሁሉ መካከል በዝግታ ወሰደችኝ። ሳቅኩ። የጎድን አጥንቴ እስኪያመኝ።

ማርች 3፣ ሰኞ

ከዜሮ በታች ስድስት ብቻ። የቀለጠ በረዶ ከጣሪያ ይንጠባጠባል።

ከሥራ ታግጃለሁ። ዶሪን ዕቃዬን እንድወስድ የፈቀደችልኝ ልጆቹ ምሳ ላይ ሳሉ ነው። እማዬ መኪናዋን ሳታጠፋ ደጅ ጠበቀችኝ። ዱላዬን ክፍሌ ውስጥ ፈለግሁት፣ ወስደውታል።

ኮሪደሩ ውስጥ ፕላስተሩ የለም፤ የሙጫው እድፍ ግን ቀርቷል፣ ቁጥሮቹ የት እንደነበሩ ይታወቃል። ቴጋን ነጋቲቭ አሥራ አራት ላይ ቆማ ነበር። ምሳ አልገባችም።

«ሚስ፣ ከዜሮ ምን ያህል ርቄያለሁ?»

«አሥራ አራት።»

«ነጋቲቭ አሥራ አራት?»

«ርቀት ነጋቲቭ የለውም። አሥራ አራት።»

እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጅጌዎቿን አንድ በአንድ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበቻቸው። አዲሱ ሰማያዊ፣ የሰነበተው ቢጫ። አራት በተርታ፣ አውራ ጣት በወዲያ በኩል። አንገቷን ደግሞ ከሹራቧ አወጣችው።

«ይህ ሆኪ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አልኳት። ከጃንዋሪ ጀምሮ አውቀው ነበር? አላውቅም ነበር። አይቼዋለሁ፣ ያ ሌላ ነው። ሌላ ነው?

«እኔም እኮ እመልሳለሁ ሚስ። አንዴ በበረዶ መንሸራተቻ ጫማዬ ምላጭ ባቱን ቀድጄዋለሁ። በጣም ደማ። ሲጨርስ ሁልጊዜ አምስት ለአምስት ይላል፣ ተጨባብጠን እራት እንበላለን። ስለዚህ ዜሮ ነው ብዬ ነበር። ማንም ዜሮን ስሞታ አይልም አይደል?» የሙጫውን እድፍ በጫማዋ ጫፍ ፋቀችው። «ቅዳሜ አንቺ የራስሽን ስትናገሪ ግን፣ ተንበርክኮ እያለ መታሁት ስትይ፣ እንደዚያም ተብሎ የሱ አልጠፋም። ሁለቱም ቀሩ።»

«ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው።»

«እንግዲህ የኔንም አስገቢልኝ።»

ዶሪን ከቢሮዋ ብቅ ብላ «ሚስ ዱቢክ፣ ከተማሪ ጋር መነጋገር አይፈቀድልሽም!» አለች። የቴጋንን ክንድ ሳትሸፍነው ወደሷ አዞርኩላት። በሩ ተመልሶ ተዘጋ። እኛ በሌላኛው ወጣን።

እማዬ የልጅቷን ክንድ አየች፣ እኔን አየች። ቴጋንን መካከላችን አስቀመጠችና የራሷን ካፖርት ደረበችላት። ፖሊስ ጣቢያው ድረስ ራዲዮውን አልከፈተችም።

መኮንኑ ወጣት ነው፣ ሮልስተን ያሠለጠነው ልጅ። ገና ሳንቀመጥ «እሺ፣ ማነው ቀድሞ የመታው? አንቺስ መልሰሽለታል?» አላት።

«መልሼለታለሁ» አለች ቴጋን። «ሁሉንም እነግርሃለሁ፣ የኔንም የሱንም። ለየብቻ ቁጠረው። አንዱን ከአንዱ እንዳትቀንስ።»

እኔ ካስተማርኳት በተሻለ ተናገረችው። መኮንኑ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ እስክትደርስ ከሷ ጋር እንድቀመጥ ፈቀደልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቃል የምሰጠው በራሴ ጉዳይ ነው። ይክሰሱኝ። ሁለተኛዋን ምት እከፍላታለሁ፣ ሙሉ ዋጋዋን።

ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጓንቷን አላወለቀችም። በተዘጋው በር ውስጥ የቴጋን ድምፅ ይሰማል፤ ቃላቱ ሳይሆን አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ የሚወርደው ዜማው።

«ለሲያ» ብላ በስሜ ጠራችኝ እማዬ፣ በሩን እያየች።

«እ?»

«አባትሽን የምመታባት መጥበሻ እኮ ቀላል ነበረች።»